ደቦውን የጠራሁት እኔ ነኝ

ሰኞ፣ ግንቦት ፫
ለመሆኑ «ደቦ» በእንግሊዝኛ ምን ይባላል? ከክፍል ከወጣሁ ጀምሮ መዝገበ ቃላት እገልጣለሁ። ለአዲሱ ክፍል ቆርቆሮ ሊሰጠን ቃል የገባው ፈረንጅ መሐንዲስ፣ ግድግዳውን ማን በስንት ደመወዝ እንደሚሠራው ጠይቋል። ዳይሬክተሩ መልሱን አንተ ጻፍ አሉኝ። «ነጻ ጉልበት» ልበል? የእስረኛ ሥራ መሰለ። «በጎ ፈቃድ» ስላቸው ሳቁብኝ፤ የተጠራ ሰው መቅረት ይችላል እንዴ? አሉ። እኔ የአ.አ. ልጅ፣ ደቦን በስም ብቻ የማውቅ። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ለዚህ! «ደቦ» ብዬ በላቲን ፊደል ጻፍኩት፣ ላክሁት።

ረቡዕ፣ ግንቦት ፭
መሐንዲሱ ራሱ መጣ። ያልተከፈለው ሰው አይመጣም ባይ ነው። ግድግዳው እስከ ሌላው ቅዳሜ ካልቆመ ቆርቆሮው ቢላ ከተማ ላለው ት/ቤት ይሄዳል። ይቆማል አልኩት። ምን ነካኝ?

ሐሙስ፣ ግንቦት ፮
ከት/ቤቱ ጀርባ ወዳለው መንደር ሄድኩ፤ ሽማግሌያቸው ኦቦ ዲንሳ ናቸው። ደቦ ልጠራ ነው አልኳቸው። አንተ ራስህ? አሉ፣ ሁለቴ። ያደነቁኝ መስሎኝ፣ እኔው ነኝ! አልኩ። መረቁኝ። ስመለስ ጉራ ልነፋ ባለሱቁ አቶ ወልዴ ዘንድ ጎራ አልኩ። ሚዛናቸውን አስቀምጠው እንባ እስኪወጣቸው ሳቁ። «መምህር፣ ስንት ጋን ጠላ አለህ?»
ለካ የጠራው ነው የሚያበላው። የመጡለት ሰዎች ሲጠሩትም በተራው ሊሠራላቸው ይሄዳል። ያለኝ አንድ ድስት! ወደ ዳይሬክተሩ ሮጥኩ፤ ት/ቤቱ ጠራ ብንልስ? አንዴ ስምህ ተሰምቷል አሉ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት ፰
የቤት አከራዬ አዴ ጫልቱ ወሬውን ከገበያ ሰሙ። ፊታቸው! ልቀቅ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። ከኔ ግቢ ደቦ ተጠርቶ እኔ ከሰው ልስማ? ብለው ተቆጡ። ቁጣው ሳያልቅ ብቅል ከጎረቤት መጣ፣ ጋን ታጠነ። ጠላ ለማይነኩት ለወንጌል አማኞቹ ብርዝ ይበጠበጣል። ድስት ከአቶ ወልዴ። እኔ እንጨት ፈላጭ ሆኛለሁ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት ፲፭፣ ጧት ፩ ሰዓት
ማንም የለም። ፈረንጁ ግን መጥቷል። ሰዓቱን ያያል።

ከቀኑ ፲፩
የመንደሩ ሰዎች ዘፈናቸው ቀድሟቸው መጣ! ማገሩ ተመታ፣ ጭቃው ተረገጠ፣ ግድግዳው ተመረገ። መሐንዲሱ ዳር ቆሞ ማስታወሻ ሲይዝ አዴ ጫልቱ በኦሮምኛ፣ አንተ ሰውዬ ዝም ብለህ አትቁም አሉት። አልተረጎምኩለትም። ገባው፤ ጫማውን አወለቀ። ቆርቆሮው ሰኞ ይመጣል!

እሑድ፣ ግንቦት ፲፮
መዳፌ ውኃ ቋጥሯል። ኦቦ ዲንሳ ከጸሎት ሲመለሱ በሬን አንኳኩ። የበቆሎ አረማቸው ሐሙስ ነው። ከኋላቸው ሌሎች ሦስት ሰዎች፣ እያንዳንዱ የየራሱ ቀን አለው። እስከ ነሐሴ ተያዝኩ። ሲኒማው፣ ፒያሳው፣ የክረምት ዕረፍቴ ቀረ። ይቅር! አ.አ. አልሄድም።
የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ታደሰ አ.አ. ሥራ ሲፈልግ ተቀምጧል። ጻፍኩለት፦ አልጋ አለ፣ መኮትኮቻ አለ፣ የአዴ ጫልቱ ወጥ አለ። ና። መልስህን በአውቶቡሱ ሾፌር ላክብኝ፤ ኦቦ ዲንሳ ከኔ ቤት ስንት ሰው እንደሚመጣ ማወቅ ይፈልጋሉ።