የኮሌጅ ሜዳ ዳኞችን ለዓለም ያበቁት አቶ ሰረቀብርሃን እንግዳ

የመንትዮቹ ከተሞች ኢትዮጵያውያን የአትሌቲክስ ዳኞች ማኅበር መሥራችና የመጀመሪያ ሰብሳቢ የነበሩት አቶ ሰረቀብርሃን እንግዳ ባደረባቸው ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ማረፋቸውን ለአባሎቻችን፣ አብረውን ለሚሠሩ ኮሌጆችና ለመላው ወዳጆቻችን እናስታውቃለን። ሐዘናችን ከባድ ነው። ሆኖም አንገታችንን ደፍተን አንናገርም፤ ያሰቡት ደርሶላቸው፣ በዓይናቸውም አይተውት ነው የሄዱት።

አቶ ሰረቀብርሃን ሮቢንስዴል በሚገኝ ሆስፒታል ሕሙማንን በማመላለስ ሃያ ሁለት ዓመት አገልግለዋል። በ2006 እ.ኤ.አ. ከመንትዮቹ ከተሞች አንዷ በሆነችው ሴንት ፖል ውስጥ በተደረገ የኮሌጆች አገር አቋራጭ ውድድር ላይ ሰው ስላነሰ፣ መታጠፊያው ላይ ቆመው ለሯጮች አቅጣጫ እንዲያሳዩ ተለመኑ። በዚያ ብርድ ሦስት ሰዓት ቆሙ። በሚቀጥለው ሳምንት ማንም ሳይጠራቸው ተገኙ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜያቸው በሙሉ የኮሌጅ ሜዳ ሆነ።

በ2011 ማኅበራችንን ከአራት ባልደረቦቻቸው ጋር መሠረቱ። ዓላማው በኮሌጅ ሜዳ የሚያገለግሉ ወገኖቻችን ለዓለም አቀፍ አማተር ውድድሮች በዳኝነት እንዲመረጡ ነበር። ዕውቀቱም ልምዱም ነበረን፤ የጣለን ይሉኝታችን ነው። የምርጫው ቅጽ «ከሌሎች ዕጩዎች በምን ይበልጣሉ?» ብሎ ይጠይቃል። እንግዲህ የትኛው ጨዋ ነው ቁጭ ብሎ ራሱን የሚያወድስ? ቦታውን ባዶ ትተን እንልክ ነበር። አቶ ሰረቀብርሃንማ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ የምችለውን እሠራለሁ» ብለው ጽፈው ልከዋል። ሦስት ጊዜ ወደቁ።

በሜይ 2017 በኮሌጆች የፍጻሜ ውድድር፣ የአስተናጋጁ ኮሌጅ ሯጮች በዱላ ቅብብል ሩጫ ዱላውን ከተፈቀደው ክልል ውጭ ሲቀባበሉ አይተው ቢጫ ባንዲራ አነሡ። ቡድኑ ተሰረዘ፤ ዋንጫውም ወደ ጎረቤት ግዛት ዊስኮንሲን ሄደ። የቡድኑ አሠልጣኝ ኮች ሊንድግረን ሁለት ሳምንት ሰላምታ ነሷቸው። ቪዲዮውን ደጋግመው ካዩ በኋላ ግን ለመራጩ ኮሚቴ እንዲህ ሲሉ ጻፉ፦ «ይህ ሰው በገዛ ሜዳዬ ዋንጫዬን አሳጥቶኛል፤ ልክም ነበር። ልጆቼ የትም አገር ቢሮጡ እሱ ቢዳኛቸው እመርጣለሁ።»

በ2018 አቶ ሰረቀብርሃን ለዓለም አቀፍ የወጣቶች ውድድር ተመረጡ፤ ከማኅበራችን የመጀመሪያው ሆኑ። አርፈው ግን አልተቀመጡም። ዕጩው ስለ ራሱ በሚጽፈው ፈንታ የኮሌጅ አሠልጣኞች ምስክርነት ተቀባይነት እንዲያገኝ ኮሚቴውን ሁለት ዓመት ወተወቱ። በ2020 ደንቡ ተለወጠ። እሰይ!

ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ አባሎቻችን ተመርጠው በሦስት አህጉራት ዳኝተዋል። የዘጠኙንም ፋይል ያዘጋጁት፣ በበረዶ ኤደን ፕሬሪ ድረስ ድራይቭ አድርገው አሠልጣኞቹን ያስፈረሙት እሳቸው ናቸው። ዛሬ በአካባቢያችን ኮሌጆች ዳኛ ሲፈለግ መጀመሪያ የሚደወለው ለእኛ ነው፤ ይህንንም ስንናገር ደረታችንን ነፍተን ነው።

አንድ ፋይል ግን ሳይነኩ ትተዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ የምሥራች አሳምነው አሥራ አራት ዓመት በኮሌጅ ሜዳ ሰዓት ያዥ ሆነው አገልግለዋል። ማኅበሩ እንዲያጩአቸው ስንት ጊዜ ጠየቀ! «የገዛ ሚስቴን? ሰው ምን ይለኛል!» ነበር መልሳቸው። ለሌላው የሰበሩት ይሉኝታ ቤታቸው ውስጥ አልሰበር አላቸው። ወይዘሮ የምሥራች የዕድሜ ገደቡ ስለሚደርስባቸው ከዘንድሮ በኋላ መወዳደር አይችሉም። የዘንድሮው ምዝገባ የሚዘጋው ደግሞ በመጪው ሰኞ ነው።

ለወይዘሮ የምሥራች፣ ለልጆቻቸው ለኖህና ለኤልሻዳይ፣ ለሆስፒታል ባልደረቦቻቸውና አብረዋቸው ሜዳ ለቆሙ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። ሥርዓተ ቀብራቸው ቅዳሜ ይፈጸማል።

ረቡዕ ዕለት ኮች ሊንድግረንና ሁለት የኮሌጅ አሠልጣኞች ዉድበሪ በሚገኘው የአቶ ሰረቀብርሃን መኖሪያ ቤት ለቅሶ ሲደርሱ የምስክርነት ቅጹን ይዘን ጠበቅናቸው። ወይዘሮ የምሥራች «ኧረ በእናታችሁ፣ አሁን የዚህ ጊዜ ነው?» ብለው ተቆጡን። ይቅርታ ጠይቀን አሠልጣኞቹን አስፈረምን። ፋይሉ ሐሙስ ጠዋት ተልኳል። አቶ ሰረቀብርሃን ይህን ለመናገር አፍረው ኖረዋል፤ ማኅበራችን ግን አያፍርም፦ በመንትዮቹ ከተሞች እንደ ወይዘሮ የምሥራች ያለ ሰዓት ያዥ የለም።