ዋስ ያጣች ሚኒባስ

ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ የመኪና አስመጪው ድርጅት የድኅረ ሽያጭ አገልግሎት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ ደኅና ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ፤ ደኅና የሆንሁትም ከሸጣችሁልኝ ሚኒባስ ላይ ስለወረድሁ ነው። ስምዎንና የድርጅትዎን ስም የማልጠቅሰው ከአክብሮት ብቻ መሆኑን እንዲረዱልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ማን እንደሆኑ እርስዎ ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ፣ የዓለም ባንክ ሰፈርም በሙሉ ሰምቷል።

ሦስት ጊዜ ተገናኝተን ሦስቱንም ጊዜ ማን ልበል ስላሉኝ ራሴን በጽሑፍ ላስተዋውቅ። ሃፊዛ እባላለሁ፤ ከዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም አሥራ አንድ ሕፃናት ጠዋት ሰብስቤ አየር ጤና ትምህርት ቤታቸው የማደርስ፣ ከሰዓት በኋላ ለየእናታቸው የምመልስ የሰርቪስ ሹፌር ነኝ። አሮጌዋን ሚኒባሴን ሸጬ በነሐሴ ወር አዲስ የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ከእናንተ የገዛሁት ሻጫችሁ የሁለት ዓመት ዋስትና አላት፣ እንቅልፍሽን ተኚ ስላለኝ ነበር። ቅሬታ የሚለው ቃል ለእናንተ ስለሚከብድ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። በመስከረም ማለቂያ ሚኒባሷ ቁልቁለት ስትጀምር ስክሪኗ ድርግም ብሎ ጠፋ፣ መሪው ደረቀ፣ ፍሬኑም አልረገጥም አለ። ባዶዋን ስለነበረች እንደ ምንም አቁሜ ባመጣላችሁ፣ ባለሙያችሁ በኮምፒዩተር ሲያያት ውሎ ብልሽት የለባትም፣ ጸባይዋ ነው፣ ጸባይዋን ልመጂ ብሎ መለሰልኝ። ጠባይና ጅራት ከወደኋላ ይበቅላል ሲባል ስሰማ ስለ ሰው ይመስለኝ ነበር። ደግሞስ ሰው ጸባዩ ሲከፋ ጎረቤት ይመክረዋል፣ ሽማግሌ ይቀመጥበታል፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የምትነሳኝን መኪና ማን እንዲመክርልኝ ነበር ያሰባችሁት? ቆሼ ላይ ቆሻሻ የሚለዩ ሰዎች እንኳ የሚሠራውን ከማይሠራው በእጃቸው ዳብሰው ያውቁታል።

2ኛ/ ስለ ሳቁ አመሰግናለሁ። በጥቅምት ያው ነገር ሲደገም ስልክ ደወልሁና ሠራተኛችሁ ዋስትና ይዘሽ ነይ አለችኝ። በእኛ ሰፈር ዋስትና ማለት ሰው ነው። ልጅ ሥራ ሲቀጠር ዋስ ይጠራል፣ ከጣቢያ ለመውጣትም ዋስ ይጠራል። እኔም ጎረቤቴን አቶ በየነን ለመንሁ። የቸርቻቸው ሽማግሌ ናቸው፣ ጡረታ ከወጡም ቆይተዋል፤ ግን እምቢ ማለት አያውቁም። ለእሑድ የሚለብሱትን ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ የታደሰ መታወቂያና ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ይዘው አብረውኝ መጡ። መስኮቱ ጋ ደርሼ ዋሴ እኚህ ናቸው ስል ቢሮው በሙሉ ሳቀ። ለካ ያላችሁኝ የዋስትናውን ደብተር ኖሯል! ተሳስቻለሁ፣ አልክድም። አቶ በየነ ግን አልሳቁም፤ ብዕራቸውን አውጥተው የት ጋ ነው የምፈርመው ብለው ጠየቁ።

ቤቴ ገብቼ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር አነበብሁት። አሥራ ሁለት ገጽ ነው፤ ይህች መኪና ሰው ብትጎዳ እኔ እጠየቃለሁ የሚል የአንድ ሰው ስም አላገኘሁበትም። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ በዚያ ሁሉ ሕንጻ ውስጥ ለእርሷ ለመፈረም ብዕር ያወጣ ሰው ቢኖር ከዓለም ባንክ በታክሲ ተጋፍተው የመጡት አቶ በየነ ብቻ ናቸው።

3ኛ/ ደብተሩን ሳመጣ ደግሞ ጎማዋን የት አስነፋሽ ተባልሁ። አየር ጤና፣ ጎሚስታው ማሙሽ ጋ ብዬ እውነቱን ተናገርሁ። ያልተፈቀደለት አካል ስለነካት ዋስትናዋ ፈርሷል ተባለ። ማሙሽ መሪ አልነካም፣ ፍሬን አልነካም፤ አየር ነው የሞላው። የአየር ጤና አየር ዋስትና እንደሚያፈርስ ስላሳወቃችሁን መላው ሰፈር ያመሰግናል። ማሙሽ ከዚያ ወዲህ የእናንተን ምልክት የለጠፈ መኪና ሲመጣ እጁን ኪሱ ይከታል። ከብዙ ልመና በኋላ ግን ስለ ደግነታችሁ ሶፍትዌሯን አድሰን ለጉዞ ብቁ አድርገናታል የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጥታችሁ ሸኛችሁኝ።

አራተኛውን በቁጥር ልጽፈው አልችልም።

ወረቀታችሁን አምኜ ሦስት ቀን ባዶዋን ነዳኋት፣ ምንም አልሆነችም። በአራተኛው ቀን፣ በኅዳር አጋማሽ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ልጆቹን ጫንሁ። ቁልቁለቱን ስንጀምር ስክሪኑ ጠፋ። መሪውን በሁለት እጄ ብታገለው አልዞር አለኝ፣ ፍሬኑ ላይ ብቆምበትም አልወርድ አለ፤ ሚኒባሷ ፍጥነት ስትጨምር ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው ከኋላዬ መሳቅ ጀመሩ። ከበስተጀርባዬ የምትቀመጠው የሰባት ዓመቷ ሰልሳቢል ትከሻዬን ነካ አድርጋ፣ «እትዬ ሃፊዛ፣ እየቀለድሽ ነው አይደል?» አለችኝ።

ከታች የመንገድ መገናኛው በሰው ተሞልቶ ይታየኛል። ከመንገዱ ዳር ለሕንጻ ሥራ የተራገፈ የአሸዋ ክምር ስላየሁ ባለ በሌለ ጉልበቴ መሪውን ወደዚያ ጎተትሁትና ገባንበት። አላህ ጠበቀን፤ አነስ ከሚባለው ልጅ ከንፈር በቀር የደማ አልነበረም። ልጆቹ ከሚጠጡት ውኃ ላይ ቀንሼ አጠብሁለት። ያን ቀን በየቤቱ ዞሬ ለአሥራ አንዱም እናቶች የሆነውን ነገርኋቸው። የአነስ እናት ዙሀራ አልሰደበችኝም፣ ልጇን ብቻ እቅፍ አድርጋ በሩን ዘጋችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እያወቅሁ በወረቀታችሁ ተማምኜ ልጆች መጫኔ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ እናንተን ያንገበግባችሁ እንደሆነ ግን አላውቅም።

ሚኒባሷ ከዚያ ወዲህ ግቢያችሁ ቆማለች፣ እኔም ሥራ ፈትቻለሁ። ሕግ የተማረችው የእህቴ ልጅ ሰሀር፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የተሸጠለት ሰው ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት መብቱ ነው ብላ አቤቱታዬን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጻፈችልኝ። ስንት ወር ሲጠፋባችሁ የከረመው ስልክ ቁጥሬ በሳምንቱ መገኘቱ በእውነት አስደንቆኛል።

ባለፈው ሐሙስ ጠርታችሁ ስላቀረባችሁልኝ ግብዣም አመሰግናለሁ። አቤቱታዬን ካነሳሁና «ምንም ጉድለት የሌለባትን ተሽከርካሪ በገዛ ፈቃዴ መልሻለሁ» በሚለው ወረቀት ላይ ከፈረምሁ ሌላ አዲስ ሚኒባስ ትሰጡኛላችሁ። ልዋሽዎት አልፈልግም፣ በጣም ደስ አለኝ። ያለ ሥራ ቤት መዋል አንገሽግሾኛል። ብዕሩን ያዝሁና እንዲያው ለወጉ ያህል፣ ያቺኛዋስ ምን ትሆናለች ብዬ ጠየቅሁ። ወጣቱ ሠራተኛችሁ በትሕትና መለሰልኝ፤

«ታጥባ ትሸጣለች እትዬ፤ ምንም የለባትም እኮ።»

ብዕሩን አስቀምጬ ወጣሁ። እርስዎም ያልፈረምሁት ለማስጨመር መስሎዎት ትናንት ደግሞ የአንድ ዓመት ነጻ ሰርቪስ እንጨምርላት ብለው አስደወሉልኝ። ክቡር ሆይ፣ ይህችን ሚኒባስ የሚገዛት እንደ እኔ ልጆች የሚያመላልስ ሰው ነው። እኔ በፊርማዬ ጤነኛ ናት ብዬ ስመሰክርላት አምኖ ይገዛታል፣ ልጆቹንም ይጭናል። እርሱ ባለበት ቁልቁለት አሸዋ ማን እንደሚያራግፍለት ንገሩኝና እፈርማለሁ። እስከዚያው ድረስ ጉድለቷ በግልጽ ተጽፎ የእኔዋ እንድትለወጥልኝ፣ እርሷም ተጠግና በገለልተኛ ባለሙያ ሳትረጋገጥ ሰው እንዳትጭን እጠይቃለሁ።

ጊዜዎን ስላባከንሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለእርስዎና ለመላው ሠራተኞችዎ ረጅም ዕድሜና ጤና፣ ለጥ ያለ ሜዳ መንገድም ከልብ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
ሃፊዛ፣ የሰርቪስ ሹፌር
ኮልፌ ቀራንዮ

ግልባጭ፦
- አቤቱታዬን ለያዘው መሥሪያ ቤት
- ለአሥራ አንዱ ልጆች እናቶች
- በከተማው ላሉ የትምህርት ቤት ሰርቪስ ሹፌሮች በሙሉ

ማሳሰቢያ፦ ሰሌዳ ይቀየራል፣ ቀለምም ይቀባል፤ የሻንሲ ቁጥር ግን እንዳለ ነው። የዚህችኛዋ የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች 7316 ናቸው። ቁጥሩን ተሳስቼ ጽፌው ከሆነ፣ ክቡርነትዎ ትክክለኛውን በአደባባይ አውጥተው እንዲያርሙኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።