የመረቅኩት ትራንስፎርመር እስትንፋሴን ስላቃጠለበት ጉዳይ

ለተከበሩ አቶ ታምራት
የከተማችን የመብራት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ፣ አካም ጅርቱ? እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ከብትም ካለዎት ከብትዎ ደኅና ሰንብተዋል ወይ? ሳንባዎስ እንዴት ነው? ደረጃ ሲወጡ አያፍንዎትም? እኔ ይህችን ደብዳቤ ለመጻፍ አራት ቀን ፈጅቶብኛል፤ አንድም ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በፋኖስ ብርሃን ስለሆነ እጄ አይፈጥንም፣ አንድም ሦስት መስመር በጻፍኩ ቁጥር ቀና ብዬ አየር መፈለግ አለብኝ። ልጻፍልህ ያለኝ ሰው አልጠፋም፤ እምቢ ብያለሁ። የታፈንኩት እኔ፣ የምጽፈውም እኔ።

በአደባባይ የጻፍኩትም ክብርዎን ለመንካት አይደለም። አሽጌ ያስገባኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች «ገቢ» የሚል ማኅተም ተመትቶባቸው እንደ ስማቸው ገብተው ቀርተዋል፤ ሦስተኛው ከቀበሌው ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ ሌላው ቢቀር ዝናብ ያነበዋል ብዬ ነው።

በቅድሚያ ላመስግን። የሰፈራችን መብራት ለዓመታት አመድ እንደለበሰ ፍም ቀልቶ የሚታይ እንጂ የሚያሳይ አልነበረም። እኔ ይገዙ ጉደታ ወረቀት ይዤ በየደጁ ዞሬ፣ የሚፈርመውን አስፈርሜ፣ የማይፈርመውን በአውራ ጣቱ አስነክቼ፣ የስድሳ ሦስት አባወራ አቤቱታ አቀረብኩ። በአራተኛው ዓመት ሰሙን። አዲስ ትራንስፎርመር አቆሙልን። ገለቶማ! አልፈው ተርፈውም ሽማግሌ ነህና መርቅልን ብለው ጠሩኝ። እርጥብ ሣር ጨብጬ በሕዝብ ፊት «ኃይሉን ያብዛው፣ አያድክመው፣ እያንዳንዱ ቤት ይግባ» አልኩ፤ ሕዝቡም አሜን አለ። በሰባ አራት ዓመቴ እንዲህ ፈጥኖ የተሰማ ጸሎት ጸልዬ አላውቅም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ።

አንደኛ። እኔና ሟች ባለቤቴ ወሰንየለሽ ሠላሳ ሁለት ዓመት የናፍጣ ወፍጮ ስናስፈጭ ኖረናል። ዱቄቱ ለሰው እንጀራ፣ ብናኙ ለእኛ ሳንባ ሆነ። እሷን ከስድስት ዓመት በፊት ትንፋሽ አጥሯት በባጃጅ ወደ አምቦ ሆስፒታል ስንከንፍ፣ የጉደርን ድልድይ ሳንሻገር እጄ ላይ አረፈች። በሽታው ወደ እኔ ዞረ።

ልጃችን ሳምሪ ካናዳ ናት። በ2015 ዓ.ም. ለልጇ ክርስትና ጠራችኝና ሄድኩ። መብራትም አገር አገር እንዳለው ያወቅኩት ያኔ ነው። የስልኬ ቻርጀር እግሩ ድቡልቡል፣ የእነሱ ሶኬት ቀዳዳ ጠፍጣፋ ሆኖ አልገባም አለኝ፤ መጠየቅ ስለማልወድ ሦስት ቀን ስልኬ ሞቶ ከረመ። ሳምሪ ስታየው አዳፕተር የሚሏትን እግር ቀያሪ አመጣችልኝ። ደስ ብሎኝ ጢም መላጫዬን ሰካሁባት፤ መላጫዬ ዳገት ላይ እንደ ደከመ አህያ ቆም፣ ሄድ፣ ቆም አለ። «እንዲህ ያለ ደካማ መብራት ይዛችሁ ነው ሀብታም የምትባሉት?» ብዬ ሳቅኩባት። ልጅቱ ታግሣ፣ የእነሱ መቶ ሃያ ቮልት፣ የእኛ ሁለት መቶ ሃያ እንደሆነ አስረዳችኝ።

እዚያው ብርዱ አፈነኝና ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ፤ መድኃኒቱን ጉም አድርጎ ወደ ሳንባ የሚነፋ ትንሽ መሣሪያ ታዘዘልኝ። ስመለስ ከመሣሪያው ጋር አንድ ጥቁር የብረት ሣጥን ገዝታ፣ «አባዬ፣ አዳፕተሯ እግር ነው የምትቀይረው፤ ጉልበቱን የሚቀንሰው ይኼ ሣጥን ነው፤ ያለ እሱ እንዳትሰካው» አለችኝ። አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣዬ ሚዛን አለፈ። ሣጥኑን አወጣሁ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞተር ያስነሣሁትን ሰው ትናንት አንቀልባ ላይ የነበረች ልጅ ልታስተምረኝ ነው? በምትኩ የሕፃኑን የክርስትና ፎቶ ከነመስተዋቱ አስገብቼ፣ ቤቴ ስደርስ ወሰንየለሽ እንድታየው ከፎቶዋ ትይዩ ሰቀልኩት። ይህ የእኔ ጥፋት ነው። እርስዎ ሳይጽፉብኝ እኔው ጽፌዋለሁ።

ሁለተኛ። መሣሪያውን በአዳፕተሯ ብቻ ሰካሁት፤ ሠራ! አሥራ አንድ ወር ሙሉ ጠዋትና ማታ ተነፈስኩ። ሳምሪ ጋ ደውዬም «አየሽ፣ አባትሽ ሞተር ያውቃል» አልኳት። አንድ ቀን ኤሌክትሪሺያኑ ጋዲሳ የግድግዳ ማብሪያ ሊያስተካክል መጥቶ መሣሪያዬን ሲያይ፣ «ዋቃዮ! ኦቦ ይገዙ፣ ይኼ ነገር እስከ ዛሬ እንዴት አልፈነዳም?» ብሎ መለኪያውን ሶኬቴ ውስጥ ከተተ። መቶ አሥራ ስምንት። ከሳቁ ብዛት የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ። «ኦቦ፣ ይኼ ቤት እኮ ካናዳ ነው!»

ክቡርነትዎ፣ ለካ ጽሕፈት ቤትዎ ያለ ቪዛ የካናዳን መብራት ቤቴ ድረስ ሲያስገባልኝ ኖሯል፤ ሳላመሰግንዎት መቅረቴን ይቅር ይበሉኝ። ጋዲሳ «መብራቱ የሚስተካከል ቀን ቶሎ ይንቀሉት» ቢለኝ፣ «እነሱ እስኪያስተካክሉት እኔ አፈር ለብሻለሁ» አልኩት። አቤቱታውን ግን አልተውኩም፤ የሰፈሩ ልጆች ማታ ማንበብ አለባቸው፤ የጀመርኩትንም ነገር አቋርጬ አላውቅም።

በራችሁ ላይ የለጠፋችሁት ማስታወቂያ ምርቃቱ ሐሙስ፣ ኃይሉ የሚለቀቀው ግን በሚቀጥለው ሰኞ ነው ይል ነበር። ሁለቴ አንብቤዋለሁ። ስለዚህ ሐሙስ መርቄ፣ ሪባኑ ሲቆረጥ አጨብጭቤ፣ አቧራው ሲያፍነኝ ቀድሜ ወደ ቤቴ አዘገምኩ። ከኋላዬ ከዞን የመጡት እንግዶች «ሲበራ ካላየን» አሉ አሉ፤ እርስዎም እንግዳ አክባሪ ነዎትና አስለቀቁላቸው። እኔ ያን ጊዜ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ መሣሪያዬን ሰካሁ። እንደ ፈንድሻ ጧ አለ፤ ከዚያ ጢስ። ምርቃቴ ከእኔ ቀድሞ ቤቴ ገብቶ ጠበቀኝ።

ሦስተኛ። ከዚያ ወዲህ ጽሕፈት ቤትዎን አሥራ አንድ ጊዜ ተሳልሜያለሁ። የተሰጠኝ ቅጽ «የተቃጠለው ዕቃ፦ ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ፣ ምጣድ፣ ሌላ» ይላል። «ሌላ» በሚለው ላይ «እስትንፋስ» ብዬ ሞላሁ። በትክክል ሙላ ተብዬ ተመለሰልኝ። በትክክል ነው የሞላሁት። በኋላ ደግሞ የውጭ አገር ዕቃ አይመለከተንም ተባልኩ።

ለእኛ አገር መብራት የተሠራውን መሣሪያ ከአምቦ እስከ አዲስ አበባ በየፋርማሲው አስጠየቅኩ፤ የለም። ጋዲሳ ጥቁሩን ሣጥን ፍለጋ መርካቶ ወርዶ የሰባት አገር እግር ያለው አዳፕተር ይዞልኝ መጣ። እግርማ ሞልቶኛል! በዚህ መሀል ሦስት ጊዜ በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ከንፌያለሁ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ዱላ አልፈራም፣ ጅብ አልፈራም፤ ያን ድልድይ ግን ፈርቻለሁ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለእርስዎ ነገርኩ።

እነሆ ልመናዬ። ሳምሪ ሌላ መሣሪያ በመንገደኛ ልካልኛለች፤ በመጪው ሳምንት ይደርሳል። ሣጥኑን መንገደኛው «ከባድ ነው፣ ሚዛን ያልፍብኛል» ብሎ ትቶታል፤ አልፈርድበትም፣ እኔም ትቼዋለሁ። እንግዲህ መሣሪያ አለኝ፣ እግር አለኝ፣ የምሰካበት ደካማ መብራት የለኝም። በአሥራ አንደኛው ምልልሴ ግን ኮሪደርዎ ላይ ተራ ስጠብቅ ቀና ብል፣ ከራስዎ ቢሮ በር በላይ ያለችው አምፖል እንደ ድሮዋ የእኔ ቤት አምፖል ቀልታ አየኋት። ጋዲሳን ጠርቼ ከአግዳሚው ወንበር አጠገብ ያለውን ሶኬት አስለካሁ። መቶ ሃያ። ሕዝቡን ሁሉ ወደ አዲሱ ትራንስፎርመር ሲያሻግሩ የራስዎ ጽሕፈት ቤት አሮጌው ላይ ቀርቷል።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ጠዋት በራችሁ ሲከፈት ሩብ ሰዓት፣ ማታ ሳይዘጋ ሩብ ሰዓት፣ ያችን ሶኬት ይፍቀዱልኝ። ወንበሩን ከቤቴ አመጣለሁ። አልናገርም፤ አፌ ላይ ጭምብል ስለሚኖር ብፈልግም አልችልም። ካሳ አልጠየቅኩም፣ ይቅርታም አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት አየር ነው።

ከታላቅ አክብሮትና ከአጭር ትንፋሽ ጋር፣
ይገዙ ጉደታ
የቀድሞ ወፍጮ አስፈጪ፣ የትራንስፎርመሩ መራቂ

ግልባጭ፦
ለስድሳ ሦስቱ ፈራሚዎች
ለልጄ ለሳምሪ (ልክ ነበርሽ)
ለወሰንየለሽ፣ ባለችበት

ድኅረ ጽሑፍ፦ የጽሕፈት ቤትዎን መስመርም ወደ አዲሱ ለማዛወር ካሰቡ አንድ ቀን አስቀድመው ይንገሩኝ፤ ገመዴን ነቅዬ፣ ሣሬን ጨብጬ መጥቼ እመርቃለሁ። ሳይነግሩኝ ቢያዛውሩት ግን አንድ ነገር ያስቡበት፦ ምርቃቴ እንዴት እንደሚሠራ አይተዋል፤ እርግማኔን ገና አልሞከርኩትም።