ተሳታፊ ሰባት

ውድ እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ እንደማታነቢው አውቃለሁ። በሕይወት እያለሽም ብጽፍልሽ አታነቢውም ነበር፤ ፊደል ያስቆጠረሽ ሰው የለም። እኔም ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ጉደኛ፣ ስንት ዓመት አንድ ቤት ስንኖር አንዲት ፊደል አላሳየሁሽም። ታዲያ ለምን ትጽፊያለሽ ካልሽኝ፣ በእጄ ልነግርሽ ሞክሬ እጄ እንቢ ስላለኝ ነው። መስታወት ፊት ቆሜ ጀመርኩት፤ ገና "ይቅር በይኝ" ሳልል እጄ ወደቀ። ወደ ወረቀት የመጣሁት ፈርቼ ነው።

እናታችን ስትሞት አንቺ አሥራ ሰባት፣ እኔ አምስት ዓመታችን ነበር። አንቺ አትሰሚ፣ አትናገሪ፤ እኔ ደግሞ አፌ የማይዘጋ ለፍላፊ። ትምህርት ቤት የሚያስተምሩትን የምልክት ቋንቋ የማየት ዕድል ስላላገኘሽ የራሳችንን ፈጠርን። ውሃ ማለት ጉሮሮን በአንድ ጣት ወደ ታች መሳብ። አከራያችን ማለት ወገብ ይዞ አገጭን ቀና ማድረግ። አንድ ቀን በር ላይ ቆማ ስናማት አይታን፣ ምን እንደሆነ ሳይገባት ራሷ ወገቧን ይዛ አገጯን ቀና አላደረገችም መሰለሽ! አንቺማ የምትሰፊው ጨርቅ ውስጥ ተደፍተሽ በሳቅ ሞትሽ። የኔ ስም ደግሞ ግራ ጆሮን ሁለቴ ቆንጠጥ ማድረግ ነበር፤ ሕፃን ሳለሁ ጆሮዬን ይዤ ስለማለቅስ ያወጣሽልኝ ነው። በዓለም ላይ በዚያ ስም የምትጠሪኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ።

የመመረቂያ ጥናቴን ያኔ በደንብ አላስረዳሁሽም። ካሜራ እጅን ይቀርጻል፤ ፕሮግራሙ በየጣቱ መገጣጠሚያ ላይ ነጥብ ያስቀምጣል፤ ነጥቦቹ ሲንቀሳቀሱ ደጋግሞ እያየ የትኛው እንቅስቃሴ የትኛው ቃል እንደሆነ ይማራል። ማሽን ለርኒንግ ይሉታል። ምልክትን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ነገር ልንሠራ ነበር። ሐሳቡን ሳመጣው ያሰብኩት አንቺን ነው፤ ይሄን እንኳ እመኚኝ።

ለቀረጻው የልብስ ስፌት ሱቅሽን ዘግተሽ መጣሽ። ባለ መስመሩን ቀሚስሽን ተኩሰሽ፣ ፀጉርሽን ተሠርተሽ። "ልብሱ ምን ያደርጋል? የሚፈለገው እጅሽ ነው" አልኩሽ በእጄ። "ይሁን፣ ድንገት ፊቴን ማየት የሚፈልግ ሰው ቢኖርስ?" አልሽኝ። ሳቅኩብሽ።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ፣ ሁልጊዜ የሰው ቻርጀር ስለሚለምን ቻርጀር የምንለው፣ ካሜራውን ይዞ ነበር። ለጥናቱ የጠራነው የምልክት ቋንቋ መምህር ጥግ ላይ ተቀምጦ ሲያይሽ ቆየና፣ "ይሄማ ምልክት አይደለም፣ እጅ ማወራጨት ነው" አለ። ሁለት ሦስት ተማሪዎች ሳቁ። በዚያው ቅጽበት አማካሪዬ ገቡና "ማን ናቸው?" ብለው ጠየቁኝ።

"ሰፈራችን ያሉ ልብስ ሰፊ ናቸው" አልኩ።

"ዝምድና የላችሁም?"

"የለንም።"

ዓይኔን በጨው አጥቤ! ያሳደገችኝን እህቴን! አንቺ አጠገቤ ቆመሽ ከአንዳችን ወደ አንዳችን ታያለሽ። ያስተዋወቅኩሽ መስሎሽ እጅሽን ዘረጋሽላቸው፤ ጎንበስ ብለሽ ጨበጥሻቸው። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ከሳምንታት በኋላ ፕሮግራሙን ስንፈትነው አንቺ ካለሽበት ከመቶ ሰማንያ አንድ፣ ከሌለሽበት ዘጠና አራት አገኘ። ስምሽ እዚያ ቤት "ተሳታፊ ሰባት" ነው። አማካሪዬ ክፉ ሰው አይደሉም፤ "ተሳታፊ ሰባት የሌሎቹን ውጤት እያበላሸችው ነው፣ ብትወጣ ምን ይመስልሻል?" ነው ያሉት። እህቴ ናት ብል፣ ቋንቋዋንም እኔ አውቀዋለሁ፣ አንድ በአንድ እተረጉመዋለሁ ብል በቂ ነበር። "እሺ" አልኩ። ቪዲዮሽን በገዛ እጄ አጠፋሁት። የዲስኩ ቦታም ጠቦን ነበር ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ አይ እኔ!

ያን ቀን እቤት ስገባ ከስፌት መኪናሽ ቀና ብለሽ፣ "እንዴት ነው፣ ያ ማሽን እጄን ለመደው?" አልሽኝ። "ሁሉንም ለምዶታል" አልኩሽ። እንዴት ደስ እንዳለሽ! ከዚያ በኋላ ልብስ ሊያስጠብብ የመጣውን ሁሉ ይዘሽ፣ እጅሽን አሳይተሽ፣ ኮምፒውተር መስለሽ፣ ጭንቅላትሽን በጣትሽ ነክተሽ፣ የኔን ነገር የሚያውቅ ማሽን አለ ትያቸው ነበር። ያ ሁሉ ሰው ውሸቴን ይዞ ነው የሄደው።

ሱቅሽ ውስጥ የወደቅሽ ዕለት እኔ ላብራቶሪ ውስጥ ስልኬን ዘግቼ ነበር። ጎረቤቶች ወደ ሆስፒታል ወሰዱሽ። ስደርስ አልጋው ተነጥፏል። ነርሷ ዕቃሽን ስታስረክበኝ ትንሽ አመነታችና፣ "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እስከ መጨረሻው እንዲህ ታደርግ ነበር፤ ሰው እየጠራች ነው ብለን አሰብን፣ ግን ማንን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ" አለችኝ። እጇን አነሳችና ግራ ጆሮዋን ሁለቴ ቆንጠጥ አደረገች።

እትዬ፣ የማላውቃት ሴት በስሜ ጠራችኝ። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

ከቀብርሽ በኋላ እንደ እብድ ቪዲዮሽን ፈለግኩ። የለም። ብንሞት ለመታወቂያ ካልሆነ ፎቶ የማንነሳ ሰዎች፣ ያ ቀረጻ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀስ ነገርሽ። ቻርጀር ሳለቅስ አየኝና ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ነገርኩት። በማግስቱ ያረጀ ፍላሽ ይዞልኝ መጣ። "ቪዲዮው የለም። የነጥቦቹ ፋይል ግን እኔ ጋ ቀርቶ ነበር" አለኝ።

ከፈትኩት። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ነጥቦች። ባለ መስመሩ ቀሚስ የለም፣ ፊትሽ የለም፤ ድንገት ማየት የሚፈልግ ሰው ቢኖርስ ያልሽው ፊት። ግን መርፌ የወጋው የቀኝ ሌባ ጣትሽ፣ በነጥብም ሆኖ ጎበጥ እንዳለ ነው። በሱ አወቅኩሽ። ደግሞ በየቃሉ መሃል፣ እኛ ቆርጠን የምንጥለው ቦታ ላይ፣ እጅሽ ከፍ ይልና፣ ጆሮሽ ላይ ነጥብ ስላልተደረገ፣ ባዶ አየር ላይ ሁለቴ ቆንጠጥ ያደርጋል። ቀና ብዬ እንዳይሽ ስትጠሪኝ ነበር። አሥራ አራት ጊዜ ጠራሽኝ። እኔ ሰው እንዳያየኝ አንገቴን ደፍቼ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ጥናቴን አቀረብኩ። ተሳታፊ ሰባትን፣ ምልክቶቿን አንድ በአንድ ተርጉሜ፣ አሥራ አራቱን ጥሪም ስሜ ብዬ ጽፌ፣ መልሼ አስገብቻታለሁ፤ ውጤቱም እንደተፈራው ወርዷል። ፈታኞቹ ለምን አላወጣሻትም አሉኝ። "ቋንቋዋን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነበርን፤ አሁን አንድ ቀርቻለሁ። እህቴ ናት" አልኩ። አማካሪዬ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ካሜራው ፊት ቆሜ ግራ ጆሮዬን ቆንጠጥ፣ ቆንጠጥ አደረግኩ። የመጀመሪያውን ሳተው። ሁለተኛውንም ሳተው። በሦስተኛው ስሜን ጻፈ።

ማሽኑ እጅሽን ለምዶታል ብዬሽ ነበር። አሁን እውነት ነው፤ ዘግይቼብሽ ነው እንጂ።

ስሜን እዚህ አልጽፈውም። ባለሽበት፣ ግራ ጆሮሽን ሁለቴ ቆንጠጥ አድርጊ። ቀና እላለሁ።