እኔ የለካሁት ውሃ

ማክሰኞ፣ የታኅሣሥ ሥላሴ

ውሃው መጀመሪያ አቃጠላት፣ ወዲያው ደግሞ በረዶ ሆነ። ጻፊ፣ እንዳልኩሽ ጻፊ።

የምትጽፍልኝ የፊት ለፊቷን ክፍል የተከራየችው መምህርት ትዕግሥት ናት። ድሮ የምትጽፍልኝ ባለቤቴ የሻረግ ነበረች። በክረምት ታማ ቀኝ ጎኗ ተያዘ፣ እጇም አብሮ። ሐኪሞቹ ስትሮክ አሉት። ቀኝ ጎኗ ሙቅና ቀዝቃዛ አይለይም። ትከሻዋ በርበሬ ሲመስል ያየሁት እኔ ነኝ። እሷማ ወሬዋን ቀጥላ ነበር።

ቅባት ቀባኋት። ውሃ አልቋጠረም።

ባሕር ዳር ያለችው ልጃችን አለምነሽ ሰምታ ደወለች። ማን እንደነገራት አልጠየቅሁም። መምህርት አቀርቅራ ትጽፋለች። «አባየ፣ እሑድ እመጣለሁ። ውሃው እንዲህ ከሆነ እማየን ይዣት ነው የምመለስ» አለች።

ይህን ቤት በእጄ ነው የገነባሁት። ግንበኛ ነኝ። ሚስቴን ማጠብ አያቅተኝም።

ረቡዕ

መታጠቢያ ቤታችን እንዲህ ነው። ውጭ በማማ ላይ ታንከር፣ ግድግዳው ላይ ቦይለር። ከሥሩ ሁለት እጀታ ያለው ማደባለቂያ፣ ግራው ሙቅ፣ ቀኙ ቀዝቃዛ። ከዚያ ጎማውና ሻወሩ።

በታጠቡ ቁጥር ሁለቱን እያዞሩ ልክ መፈለግ የጅል ሥራ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ለካሁ። ሙቁን ግማሽ ዙር፣ ቀዝቃዛውን አንድ ሙሉ ዙር። ከዚያ ወዲያ አልነካኋቸውም፣ እንደተከፈቱ ይኖራሉ። ጎማው ጫፍ ላይ ከአትክልት ማጠጫ የነቀልኳትን ትንሽ መዝጊያ ገጠምኩ። በእሷ መክፈት፣ በእሷ መዝጋት። ልኩ አይናወጥም። ይህን ማንም አላስተማረኝ።

ደህና ሲሠራ ኖሮ መምህርት ግቢያችን ከገባች ሰሞን ጀምሮ ጠባዩ ተለወጠ። እሷን ጠረጠርኩ። ይህንንም ጻፊ አልኳት። ጻፈች።

የሻረግ እግሯን ሳጥብላት ወንበሩ ላይ ሆና በደህናው ትከሻዋ ግድግዳውን ተደገፈች። ቧንቧው በዚያ ነው የሚያልፍ።

«ይሄ የቀዝቃዛው አይደል? ሞቀኝሳ።»

«ፀሐይ ነው።»

«ፀሐይ በዚህ በኩል መቼ ወጥቶ ያውቃል፣ አንተ ሰው?»

እግሯን ማጠቤን ቀጠልኩ።

ሐሙስ

ቧንቧ ሠራተኛው እሸቴ መጣ። ከመግባቱ በፊት መዝጊያዋን ፈትቼ ኪሴ ከተትኳት፣ እጀታዎቹንም ዘጋሁ። እሸቴ ቀልደኛ ነው። አምና የሠራሁትን አሸንዳ አይቶ «አያ ታከለ፣ ይሄ የዝናብ ነው ወይስ የበግ ማጠጫ?» ብሎኛል። መዝጊያዋን ቢያያት ገበያ ላይ ያወራብኛል።

ከፈተ፣ ዘጋ፣ አንኳኳ። «አያ ታከለ፣ ቧንቧዎ ምንም የለበትም። የቦይለሩ ሙቀት መቆጣጠሪያ ሳይሆን አይቀርም» አለና ቀየረው። ውሃው ልክ ሆኖ ወረደ። «ይኸው፣ ሙሽራ ይታጠብበታል!» አለ። የሻረግ ከውስጥ ሆና «ሙሽራዋ ተቀምጣ እየጠበቀች ነው» አለችው። ተሳሳቁ።

ሲሄድ መዝጊያዋን መልሼ ገጠምኩ፣ እጀታዎቹንም በልካቸው ከፈትኩ። ለአለምነሽ ተሠርቷል ብዬ ደወልኩ። «እሑድ አየዋለሁ» አለች። ያባቷን ቃል አላመነችም።

ዓርብ፣ መስቀል

አልተሠራም። የሻረግን ሳላስጠጋ በራሴ ክንድ ሞከርኩት። አቃጠለኝ፣ ቀጥሎ አንዘፈዘፈኝ። እሸቴን ሰደብኩት። በሌለበት ነው።

የሻረግ ሳትታጠብ ቀረች። «ባሕር ዳር ብርድ የለም ይላሉ» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ምሳ አልበላሁም፤ ጾም ስለሆነ ነው።

መምህርት ጠዋት በግቢው ቧንቧ ፊቷን እየታጠበች «አባባ፣ የእናንተ አገር ውሃ የተባረከ ነው፣ በዚህ ውርጭ እንኳ ለብ ይላል» አለችኝ። እሷ የሐዋሳ ልጅ ናት፣ አገሩን አታውቅም። የጉና ተራራ ብርድ በሚወርድበት ሰሞን የግቢ ውሃ ጥርስ ያረግፋል እንጂ ለብ አይልም። ቀኑን ሙሉ ይህ ከራሴ አልወጣ አለ።

ቅዳሜ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ መታጠቢያ ቤት ገብቼ የቀዝቃዛውን ቧንቧ ዳሰስኩ። ቀዝቃዛ ነው። እጄን ሳላነሳ «መምህርት፣ የግቢውን ክፈቺ!» አልኩ። ከፈተች። ቧንቧው ከእጄ ሥር ሞቀ።

ሁለቱን እጀታ ዘጋሁ። ቀስ እያለ ቀዘቀዘ። ደግሜ ከፈትኳቸው። ሞቀ።

ነገሩ ገባኝ። እጀታዎቹ ክፍት ሆነው የጎማው ጫፍ ሲዘጋ፣ ሙቁና ቀዝቃዛው ማደባለቂያው ውስጥ ይገናኛሉ። መውጫ የለም። የግቢው ቧንቧ ከዚሁ ከቀዝቃዛው የተቀጠለ ነው፤ መምህርት እሱን ስትከፍት የቦይለሩ ውሃ በቀዝቃዛው ቧንቧ ሾልኮ ይሄዳል። ፊቷን ስትታጠብ የነበረው በየሻረግ ሙቅ ውሃ ነው። ከዚያ እኔ ላጥብ ብዬ ስከፍት ከሁለቱም በኩል ትኩስ ይመጣል፣ እሱ ሲያልቅ ቀዝቃዛው ይከተላል።

እሸቴ ያላገኘው መዝጊያዋን ስላላያት ነው። ያበላሸችው እሷ ናት። የገጠምኳት ደግሞ እኔ። ይህን ጻፊ፣ ግን አታስምሪበት።

ለየሻረግ ነገርኳት።

«ረቡዕ ነግሬህ ነበር» አለች።

ነግራኝ ነበር። መዝጊያዋን ፈትቼ ጣልኳት።

እሑድ፣ ሚካኤል

አለምነሽ ሐሙሲት ላይ መኪናው ቆሞባት አርፍዳ ገባች። ባዶ ሻንጣ ይዛለች። እናቷን ሳመች፣ ትከሻዋን ገልጣ አየች፣ እኔን ሳመች። በዚህ ተራ።

ወደ መታጠቢያ ቤት ገባን። ሙቁን ግማሽ ዙር፣ ቀዝቃዛውን አንድ ዙር ከፈትኩ። አለምነሽ ክንዷን ከውሃው ሥር ዘርግታ ቆየች። አልተለወጠም። መምህርትም የግቢውን ቧንቧ ከፈተች። አልተለወጠም።

«ጥሩ ነው» አለች አለምነሽ። «ግን አባየ፣ ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ቢፈጥሩስ? ለእኔ እዚያ ብትሆን ይሻለኛል።»

እኔ መልስ ሳዘጋጅ የሻረግ ግራ እጇን ዘርግታ የሙቁን እጀታ ያዘች። አዞረችው። ክንዷን አስገባች፣ ትንሽ ጨመረች።

«እፎይ» አለች። «እስከ ዛሬ በብርድ ነው ስታጥበኝ የኖርከው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልኬ፣ ልኬ እያልክ መቼ አስጠጋኸኝ?»

አለምነሽ ግድግዳ ይዛ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

«እናንተ ልውሰዳት፣ አትውሰጃት ስትባባሉ እኔን የጠየቀኝ አለ?» አለች የሻረግ። «ይቺን እጀታ እጄ እስካዞራት ድረስ ከቤቴ አልወጣም። ማዞር ያቃተኝ ቀን ራሴ ደውዬ ነይ እልሻለሁ።»

አለምነሽ እናቷን አጠበች። እኔ ደጅ ቆየሁ።

ሰኞ

አለምነሽ በጠዋቱ መኪና ሄደች። ብቻዋን ነው የሄደችው። «አባየ፣ እጇን እያዩ» ብላኛለች።

ወንበሩን ወደ ማደባለቂያው አስጠግቼ፣ እንዳይንሸራተት እግሮቹን ከግድግዳው ጋር አሰርኩ። የሻረግ ውሃዋን ራሷ ለካች። እኔ ጀርባዋን ብቻ አሸሁ። እሷ የምትወደው ሙቀት ለእጄ ይበዛል፣ ቻልኩት። ቀኝ ትከሻዋን ሁለት ጊዜ አየሁ። አልቀላም።

ሲያልቅ ዝጊ አልኳት። መጀመሪያ ሙቁን፣ ቀጥሎ ቀዝቃዛውን ዘጋች። ቀዝቃዛው ላይ ትንሽ ታገለች። ልረዳት እጄን አንስቼ መልሼ አወረድኩ። ዘጋችው።

ግራ እጇ ደህና ነው። ዛሬ ደህና ነው።