ስለ ፈላው ባቄላና ስለ መምጣትህ

ለእናቴ ልጅ፣ ለጋሼ፦ እንዴት ሰነበትክ? ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ አማትህ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ በሕይወት አለን፤ ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም። «የባልሽን እጅ የሰበረውን ሳልገድል እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ልመጣ ነው» ብለኸኛል። በስልክ አትምጣ ስልህ እየጮህክ ስለምትዘጋብኝ ይህን ወደ እናንተ በሚመጣው አውቶቡስ ሹፌር እጅ ልኬልሃለሁ። ወረቀት አይጮህበትም፤ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ሥራችንን ታውቀዋለህ። ከአካባቢው ገበሬዎች ባቄላ፣ ዱባና ካሮት ገዝተን የፋብሪካ ሠራተኛ አሙቆ ብቻ የሚበላው ምሳ እናዘጋጃለን። ማሸጊያችን ካርቶን ነው። ውስጡ ቅጠል ስለምናነጥፍበት አይቆሽሽም፤ በላተኛው አጣጥፎ ይመልስልናል፣ ወረቀት ፋብሪካው ፈጭቶ እንደገና ካርቶን ያደርገዋል። ከፋብሪካው በር ላይ ሠራተኛው ድሮ በልቶ ይጥለው የነበረው ያ ሁሉ የላስቲክ ሳህን ክምር ጠፋ። ባለቤቴ «መንገዱን አጸዳነው» እያለ ደረቱን ሲነፋ እኔም አብሬው ነፋሁ። በዚያ ክምር የሚተዳደር ሰው እንዳለ አንዳችንም አላሰብንም።

ላስቲኩን እየለቀሙ የሚሸጡት እነሽቦ ነበሩ። ሽቦ የሚሉት ቀጭን ስለሆነ ነው እንጂ ጉልበቱስ የበሬ ነው። መጥቶ «ከጉሮሯችን ነጠቃችሁን» ሲለን ባለቤቴ «ሠርተህ ብላ» አለው። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና ሲል ለሚውል ሰው እንዲህ አይባልም። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል።

በማግስቱ ምሳውን ስናሽግ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በሩን ገንጥሎ ገባ። የካርቶኑን ክምር በእሳት ለኮሱት። ባለቤቴ ሊያጠፋ ሲሮጥ ሽቦ በብረት ዘንግ ክንዱን አለው፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ወድቆም ሳለ ጭንቅላቱ ላይ ሊደግመው ሲሰነዝር የፈላውን የባቄላ ድስት አንስቼ አንገቱና ደረቱ ላይ ደፋሁበት። ቆዳው ከሸሚዙ ጋር ተላጠ። እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ድስቱ ባዶ ሲሆን በድስቱ መታሁት፤ ጎረቤታችን አናጢው ባይዘኝ ኖሮ አልተውም ነበር።

ጣቢያ ቃሌን ሰጥቼ በዋስ ወጣሁ። ባለቤቴ ክንዱን ጀሶ ውስጥ ከትቶ «ዱባውን አሳንሰሽ ክተፊው» እያለ በአፉ ብቻ ይሠራል። ሐኪም ቤት በር ላይ የሽቦን ሚስት አገኘኋት። ፊቴ ላይ ተፋችብኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ፀጉሯን ይዤ መሬት ላይ እጎትታት ነበር፤ ያን ቀን ግን ፊቴን ጠርጌ መጣሁ።

ጋሼ፣ ሽቦ ዛሬ ጠዋት ሞተ። ነገ ራሴ ወደ ጣቢያ እመለሳለሁ፤ የሚፈረድብኝን አላውቅም፣ በጣም ፈርቻለሁ። አንተ የምትገድለው ሰው ግን የለም። እሱም እንዳንተ ሩቅ አገር የሚሠራ ታላቅ ወንድም አለው፣ መርዶው ደርሶታል አሉ። አንተ ለእኔ የማልከውን እሱ አሁን ለሽቦ ሚስት እየማለላት ነው።

ልጆችህን ግንባራቸውን ሳምልኝ። አማትህን ጉልበታቸውን ሳምልኝ፤ በጸሎታቸው አይርሱኝ። ባለቤትህን «ጫማውን ደብቂልኝ» ብላሻለች በላት። ባሌ በደህናው እጁ ሰላም ብሎሃል። እኔ ከታሰርኩ እሱን ለመጠየቅ ና፤ ባዶ እጅህን ና።

ታናሽህ
ከተቃጠለው ወጥ ቤት፣ ሐሙስ ኅዳር 9 ቀን