ትርፍ ያሉት ሰዓት የእኛ ነበር

ለባሌ ለደሳለኝ፣ ካለህበት ይድረስህ። እኔ ሚስትህ ስመኝ ነኝ።

ከተለየኸን እነሆ ሁለት ዓመት ሞላ። ቄሱ አባቴ ፊደል ያስቆጠሩኝ ዳዊት እንድደግም ነበር፤ እኔ ግን ዛሬ አንተን ልወቅስበት ነው። በሕይወት ሳለህ ተቀምጠህ የምትሰማበት ጊዜ አልነበረህምና አሁን ስማኝ።

ልጃችን እናኑ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ቀይዋ ላም ሁለት ጊዜ ወለደች። መሬቱን ወንድሜ በእኩል ያርሰዋል፤ ዘንድሮ በክረምት ከሐይቁ ሞልቶ ማሳው ላይ የተኛው ውሃ ቶሎ ሸሽቶልን ጓያውን ዘርተናል። አንተ የሠራኸው ድልድይም አልቆ መኪና ያልፍበታል። እኔ ግን አንድም ቀን አልረገጥሁትም። ወረታ ገበያ ስሄድ በታች በኩል ወንዙን በእግሬ እሻገራለሁ።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የኮራሁብህ እኔው ነኝ። የመንገድ ሥራ ስትቀጠር የቆርቆሮ ቤት አማረኝ። ሥራ ሲለቀቅ ካቦው "ማን ይቀራል?" ሲል እጅህን ቀድመህ እንደምታነሣ ሰምቼ፣ "የእኔ ባል ሰነፍ አይደለም" እያልሁ ለጎረቤት አወራሁ። ከዚያ ቅዳሜው ተጨመረ፤ ከዚያ እሑዱ፤ ከዚያ በዓሉ። እናኑ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ በአንተ ቦታ የቆመው ወንድሜ ነው። "ትርፍ ሰዓት ነው" ትለኝ ነበር። ከማን የተረፈ ሰዓት ነው? እኛ ጋ እኮ አልተረፈም።

ያ የነሐሴ ጎርፍ የመጣው ጧት ነው። ውሃው በረቱን አልፎ ምድጃው ድረስ ገባ። እናኑን አዝዬ ከብቶቹን ወደ ጉብታው ነዳሁ፤ እናትህን ጎረቤታችን ጋሼ አያሌው በጀርባቸው ተሸክመው አወጧቸው። የሁለት ሰዓት መንገድ ነውና ሰው ላክንብህ። "የድልድዩን እግር ውሃው ሊበላው ነው፤ ድንጋይ እየደረደርን ነው፤ ስንጨርስ እመጣለሁ" ብለህ መለስኸው። እናትህ ብርድ ገብቷቸው ተኙ፤ በዚያው ሳይነሡ ቀሩ። ሰው በገባ ቁጥር "ደሳለኝ ነው?" ይሉ ነበር። አንተ የደረስኸው ለቀብራቸው ነው፤ ሠልስታቸው ሳይወጣ ተመለስህ። ያን ጊዜ ጠላሁህ።

ወር ሳይሞላ፣ በመስከረም፣ ወባ ይዞህ መጣህ። ትኩሳቱ እየፈጀህ እሑድ ጧት ጫማህን ስታጠልቅ በሩ ላይ ቆምሁብህ።

"ዛሬ አትወጣም። ብትወድቅስ?" አልሁህ።

"ሰው ጎድሎባቸዋል። እምቢ ብል ምን ይሉኛል?"

"እኔስ ምን እልሃለሁ?"

በእጅህ ገፋ አድርገኸኝ ወጣህ። ማክሰኞ በቃሬዛ አመጡህ፤ ሐሙስ ቀበርንህ።

ካቦው መቃብርህ ላይ ቆሞ "እምቢ የማያውቅ ሰው ነበር" ብሎ አለቀሰ። ሰዉም ከንፈሩን መጠጠ። እኔን ግን በዚያ ሁሉ ሐዘን ሳቅ ተናነቀኝ። እምቢ ማለትማ ታውቅ ነበር፤ ለእኛ ብቻ ነው እንጂ።

ለዓመት ተዝካርህ ጠላ ጠምቄ የሥራ ጓደኞችህን ሁሉ ጠራሁ። መቀመጫቸው ባዶውን ዋለ። አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ብቻ ሲሚንቶ የደረቀበት ልብሳቸውን እንደለበሱ መጡና፣ "ልጄ፣ አትቀየሚ። ድልድዩ ሊመረቅ ስለሆነ ትርፍ ሰዓት ታዘው ነው" አሉኝ። በተቀበርህ ማግሥት ሌላ ሰው በቦታህ እንደገባ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው።

አልረሳህም፣ ቃሌ ነው። የማስታውስህ ግን ካቦው እንዳመሰገነህ አይደለም። አንድ በጋ ድንጋይ እግርህን መትቶህ እቤት ዋልህ። ደጃፍ ተቀምጠህ ገመድ ፈተልህ፤ እናኑን ጉልበትህ ላይ አድርገህ ከሐይቁ የመጡትን ወፎች አሳየሃት፤ ወጡ ጨው አነሰው ብለህ አሾፍህብኝ። ከግራሩ ጥላ ሥር እንቅልፍ ሲወስድህ ዝንቡን እሽ እያልሁ ፊትህን ሳይ ዋልሁ፤ እግርህ ቶሎ እንዳይድን ተመኘሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። በአራተኛው ቀን እያነከስህ ሄድህ።

እናኑ አድጋ "አባቴ ምን ዓይነት ሰው ነበር?" ስትለኝ የምነግራት ይኼንኑ ነው። አባትሽ አንድ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ከእኛ ጋር ዋለ እላታለሁ።